ዘንጉን በእጀታው በኩል

የተከበሩ ሚስስ ፓንግ፤ ልጃችን ሊሊያን፤ ከሂውስተን ድረስ የመጡት የሟች ወንድም ሚስተር ዌይ፤ የዚህ መቃብር ጠባቂ የሆናችሁ የቻይና ሽማግሌዎች፤ ከየከተማው ሱቃችሁን ዘግታችሁ የመጣችሁ ቻይናውያን ነጋዴዎች፤ ፓስተር ኮልማን፤ አክስቴ ዘልማ፤ የሮዝቤልት ሰዎች በሙሉ፤ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልን።

እናንተ አጥሩ ጋ የቆማችሁት፣ ግቡ እንጂ። ሚስስ ፓንግ ግቡ ብለዋል። ሁለቴ ብለዋል፤ ድምፃቸው ስለማይሰማ ነው እኔ የምደግመው። አውቃለሁ፣ ከዚህ አጥር ወዲህ ከእኛ ከጥቁሮቹ ሰው ቆሞ አያውቅም። የእኛ መቃብር ከመንገዱ ማዶ ነው፣ የእነሱ ከመንገዱ ወዲህ። የነጮቹ መቃብር ሁለታችንንም አይወስድም። ግቡ። የሰው መቃብር እንዳትረግጡ ብቻ ተጠንቀቁ። እንደሱ። ሚስተር ዌይ፣ ትንሽ ጠጋ ቢሉላቸው።

መንገዱ ላይ የቆመውን መኪና አይታችኋል። እኔም አይቼዋለሁ። ሰማያዊ የጭነት መኪና ነው፤ ውስጡ ሁለት ሰው አለ። አትዙሩ። እኔ ፊቴ ወደ እነሱ ስለሆነ እኔ አይላችኋለሁ።

ለማታውቁኝ፣ አሞስ ዴንሊ እባላለሁ። አስከሬን አጥቤ፣ ገንዤ፣ በመኪናዬ መቃብር ማድረስ ነው ሥራዬ። ሰው ሲናገር ከኋላ ቆሜ ባርኔጣ መያዝ ነው የለመድኩት። ዛሬ አንተ ተናገር ያሉኝ ሚስስ ፓንግ ናቸው። እሺ አልኩ። እሺ ካልኩ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ለምን እንደፈራሁ ልንገራችሁ። በየማዕዘኑ በሹክሹክታ የምትሉትን እኔ ጮክ ብዬ ልበለው። የጥጥ መዳመጫው ባለቤት ሚስተር ሃርግሮቭ የፓንግን ሱቅ መግዛት ይፈልጋል። ፓንግ በሕይወት እያለ ጠይቆ እምቢ ተብሏል። አሁን ሚስቱን ጠይቋል። ቀብሩ እንዳበቃ መልስ እፈልጋለሁ ብሎ እነዚያን ሁለት ሰዎች ልኳል። መልሱ ደግሞ ወረቀት አይደለም፤ ቁልፍ ነው። የሱቁ ቁልፍ አሁን እዚህ፣ ሚስስ ፓንግ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ሰኞ ጠዋት ከእኛ ሰዎች በመራጭነት ለመመዝገብ ወደ ፍርድ ቤቱ ይሄዳሉ። ባለፈው ጊዜ የተመለሱት ናቸው እንደገና የሚሄዱት፤ ጸሐፊው ሕገ መንግሥቱን አስረዱኝ ብሎ አላስረዳችሁኝም ያላቸው። ተሰባስበው የሚነሱት ከዚያ ሱቅ ጓዳ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከተቃጠለ ወዲህ ሌላ ቦታ የለንም። ትምህርት ቤቱ አይሰጠንም። ፀጉር አስተካካዩ ፈርቷል፤ አልፈርድበትም። የቀረው የፓንግ ጓዳ ነው። ቁልፉ ዛሬ ለሃርግሮቭ ሰዎች ከተሰጠ፣ ሰኞ ጠዋት መንገድ ላይ ነን። መንገድ ላይ ደግሞ ማን እንደሚጠብቀን ታውቃላችሁ።

ይህን ያልኩት ሚስስ ፓንግን ለማስጨነቅ አይደለም። እርስዎ የፈለጉትን ያደርጋሉ። ማንም ምንም አይልዎትም። የሚል ካለ እኔን ያናግረኝ።

አሁን ስለ ፓንግ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጥራ። ከረቡዕ ጀምሮ ወሬ አለ። ተመርዞ ነው፤ ተመትቶ ነው፤ ከደረጃ ተገፍትሮ ነው ይባላል። ያጠብኩት እኔ ነኝ። ገላውን አይቻለሁ። ጭረት እንኳ የለበትም። የስብ ጣሳ ተሸክሞ ወደ ጓዳው ሲወጣ ደከመኝ ብሎ ጆንያ ላይ ተቀመጠ፤ በዚያው ቀረ። ልቡ ነው። በዚህች ከተማ ተመትቶ የሞተ ሰው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ፤ አጥቤ አውቃለሁ። ፓንግ እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ ከዚህ ስትወጡ ያንን ወሬ ይዛችሁ አትውጡ። የሆነው በቂያችን ነው፤ ያልሆነ አንጨምርበት።

ይህን በእጄ የያዝኩትን ዘንግ ታውቁታላችሁ። ከሱቁ ያልገዛ ካለ ግን ልንገረው። ፓንግ ወደ ሮዝቤልት ሲመጣ እኔ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። ከእንግሊዝኛ የሚያውቀው "እንደምን አደራችሁ" እና "የለም" ብቻ ነው። ከባንኮኒው ኋላ ዕቃው እስከ ጣሪያው ተደርድሯል። ምን እንደምትፈልግ ብትነግረው አይሰማህም። እሱ ቢነግርህ አንተ አትሰማውም። እና ይህን ዘንግ ሠራ። ጫፉ ቀጭን ነው። እጀታው ላይ ጨርቅ ጠምጥሞበታል። በዘንጉ የምትፈልገውን ትነካለህ፤ እሱ ያወርድልሃል። ይኸው ነው።

የመጀመሪያዋ ደንበኛ አክስቴ ዘልማ ነበረች። ሳቂ፣ ሳቂ አክስቴ፤ ዛሬ ይፈቀዳል። ከጥጥ ማሳ መምጣቷ ነው። ገባች። ፓንግ ከባንኮኒው ኋላ ፈገግ አለና ይህን ከሥር አነሳ።

እስቲ አስቡት። ከባንኮኒ ኋላ ሆኖ ዱላ የሚያነሳ ሰው በእኛ ላይ ምን ሲያደርግ ነው የምናውቀው? ሌላ ሱቅ ስንገባ ነጮቹ ገዝተው እስኪጨርሱ ግድግዳው ሥር አይደል የምንቆመው? ዕቃ በእጃችን ስንነካ ምን ነበር የሚደረገው? እና አክስቴ ምን አደረገች? ዘንጉን ነጠቀችውና ትከሻውን በእሱ አቀመሰችው።

ምን? ትከሻውን አይደለም ትላለች። ክንዱን ነው ትላለች። እሺ፣ ክንዱን።

"ቀድሜ ልምታው ብዬ ነው" ትል ነበር በኋላ። "ከተመታሁ አይቀር፣ ምክንያት ይኑረው ብዬ ነው።"

ዘንጉን ወርውራ ልትወጣ ስትል፣ ፓንግ ከመሬት አነሳው። ክንዱን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ ዘንጉን አዞረው። እንዲህ። ጫፉን ራሱ ያዘና እጀታውን ወደ እሷ ዘረጋ። በሌላ እጁ ጆሮውን አሳያት፤ ቋንቋሽን አልሰማም ለማለት ራሱን ነቀነቀ። መደርደሪያውን አሳያት። ቆመ።

አክስቴ አየችው። ወደ በሩ አየች። ተመልሳ አየችው። እጀታውን ያዘች። የሰርዲን ቆርቆሮ ነካች፤ አወረደላት። ሳሙና ነካች፤ አወረደላት። ከዚያ ልትፈትነው አሰበችና በራሱ ላይ ያለውን ባርኔጣ ነካች። ፓንግ ባርኔጣውን አውልቆ ከሰርዲኑ አጠገብ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠው።

"እንዴ፣ እብድ ነው!" አለች። ያን ቀን ማታ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። በማግስቱ ሱቁ ሞላ።

በኋላ እንግሊዝኛ ተማረ። ከማን ተማረው? ከእኛ። ሲናገር ዓይንህን ጨፍነህ ብትሰማው የአክስቴ ዘልማ የበኩር ልጅ ነው የምትለው። ዘንጉ አያስፈልግም ነበር። ግን ከባንኮኒው ላይ አልተነሳም። አንድ ጊዜ አንድ ነጭ የጥጥ ማሳ ተቆጣጣሪ መጥቶ "ፓንግ፣ እነዚህ ሰዎች ሱቅህ ውስጥ ዱላ እንዲይዙ ለምን ትፈቅዳለህ?" አለው። ፓንግ ምን አለ? "ምን ላድርግ ጌታዬ፣ መደርደሪያው ከፍ ብሎ ተሠራ፤ ቁመታቸው አይደርስም።" ሰውዬው አጠገብ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ቁመቴን ታዩታላችሁ። ሰውዬው አየኝ፤ እኔም ትንሽ ጎንበስ አልኩለት።

መኪናው እንዳለ ነው። ሞተሩን አስነስተው አጠፉት። አትዙሩ።

አሁን የሚከብደውን ልናገር። ፓንግን ተሰናብተን ቅዱስ አድርገነው እንዳንሄድ። እኔ ቅዱስ ቀብሬ አላውቅም።

ሊሊያን፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ስለ አንቺ ነው። ሊሊያን የነጮች ትምህርት ቤት ትማር እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። የቻይና ልጆችን የተቀበሏቸው ከእኛ ጋር እንዳይቀላቀሉ ቃል አስገብተው ነው። ፓንግ ቃሉን ገባ። አባት ነው፤ ገባ። እኛስ ምን አልን? "በእኛ ሳንቲም ልጁን ከነጭ ጋር ያስቀምጣል" አልን። በዘንጉ ወተት እያወረድን አልን። በፊቱም አልን። አክስቴ ዘልማ አንድ ቀን ሱቁ ሞልቶ ሳለ "ሚስተር ፓንግ፣ ልጅህ ስታድግ በየትኛው በር ታስገባን ይሆን?" ብላዋለች። ወተቷን አወረደላት። ውሸት ነበር? አልነበረም። እውነት ነበር። ያመመውም ለዚያ ነው።

ባለፈው መከር ጓዳውን ለስብሰባ ከሰጠን በኋላ የትምህርት ቤቱ ቦርድ አንድ ሰው ላከበት። ሳሙና ልገዛ ገብቼ ነበር። ሰውዬው አላየኝም፤ እንደማያዩን አላየኝም።

"ፓንግ" አለው፣ "ልጅህ ከልጆቻችን ጋር የምትቀመጠው ጥቁር ስላልሆነች ነው። ጓዳህ ውስጥ ማን እንደሚሰበሰብ ሰምተናል። ለመሆኑ አንተ ምንድን ነህ? ወስን።"

"እኔ ባለሱቅ ነኝ።"

"እሱን አይደለም የጠየቅኩህ።"

"የጠየቁኝ ገብቶኛል። ምን ላውርድልዎ?"

ሰውዬው ምንም ሳይገዛ ወጣ። ፓንግ በሩን አየና ወደ እኔ ዞረ።  የዱቄት ጆንያው ላይ ተቀመጠ። "አሞስ፣ ሳሙናውን ራስህ አውርድ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ እናንተ ነጋዴዎች መጣችሁበት። ማን ማን እንደመጣ አልጠራም፤ ዛሬም መጥታችኋል፤ እሱ ይበቃኛል። "አንተ አንድ ሱቅ ነህ፤ እኛ ግን ሁላችንም ልጅ አለን። በአንተ የተነሳ የሁላችንንም ያስወጧቸዋል" አላችሁት። ተሳስታችሁ ነበር? አልተሳሳታችሁም። እኔ በእናንተ ቦታ ብሆን ምን እል ነበር? አላውቅም። እግዚአብሔር ያውቃል እኔ አላውቅም።

ፓንግ ጓዳውን አልዘጋም። ሊሊያንን ከትምህርት ቤቱ አወጣትና ሂውስተን፣ አጎቷ ዘንድ ላካት። ደስ ብሏት ሄደች እንዳትሉ። አልቅሳ ነው የሄደችው። የትምህርት ቤቱ ሙዚቃ ጓድ ውስጥ ክላሪኔት ትነፋ ነበር፤ እሱን አስረክባ ሄደች። ለእኛ ብላ አይደለም። አባቷ ስለወሰነባት ነው። ልጅ እንደዚያ ሲወሰንበት ይቆጣል፤ ተቆጥታለች፤ ልክ ናት። ከገና ወዲህ አልተገናኙም። ዛሬ ነው ያገኘችው።

ስለዚህ ሚስስ ፓንግ ቁልፉን ሰጥተው ሂውስተን ቢሄዱ፣ የሚሄዱት ወደ ማን ነው? ወደ ልጃቸው ነው። ይህን ሳላውቅ አይደለም የቆምኩት። የፈራሁት እነዚያን ሁለት ሰዎች ብቻ ይመስላችኋል?

ውሃ ካለ አቀብሉኝ። አመሰግናለሁ።

እሺ። ስለ ሩዙ።

ሊሊያን ከሄደች በኋላ የከተማው ጅምላ አከፋፋይ ለፓንግ ዕቃ ማምጣት አቆመ። መኪናው በሱቁ ፊት ያልፋል፤ አይቆምም። መደርደሪያው ባዶ ሆነ። ፓንግ ምን ያደርግ ነበር? ከእያንዳንዱ ዕቃ የመጨረሻዋን አንድ አያወጣም። አንድ ሰርዲን፣ አንድ ሳሙና፣ አንድ የዱቄት ከረጢት። ዘንጉ የሚነካው ነገር እንዳያጣ ነው።

"ሰርዲን አለ?" ትለዋለህ።

"አለ። ግን አይሸጥም፤ ለማሳያ ነው።"

"ታዲያ የሚሸጠው መቼ ነው የሚመጣው?"

"አሞስ ሰው ሲቀብር።"

ሳቃችሁ። ለምን እንደምትስቁ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ለማያውቁት አሁን ልናገር፤ ከእንግዲህ ምስጢር አይደለምና። ዕቃውን ሜምፊስ ከተማ ሄደን የምንጭነው በእኔ የአስከሬን መኪና ነበር። ሩዙ፣ ስቡ፣ ዱቄቱ፣ ሁሉም ሣጥን ውስጥ ነው። የሬሳ ሣጥን ማንም አይከፍትም ብለን ነው። ፓንግ ከአጠገቤ ይቀመጣል፤ ከኋላ ሣጥኑ።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ የሸሪፉ ምክትል አስቆመን። ሙቀቱ ያፍናል።

"አሞስ፣ ማን ነው የሞተው?"

"የእሱ አጎት ነው ጌታዬ።" ፓንግን አሳየሁት።

"ቻይና በጥቁሮች የሬሳ መኪና?"

ፓንግ መለሰ፤ "በነጮች የሬሳ መኪና እንሳፈር ብንል ማን ያሳፍረናል ጌታዬ?"

ምክትሉ ወደ ኋላ ዞረ። ሣጥኑን በዱላው አንኳኳ። "እስቲ ክፈተው" አለኝ።  "ጌታዬ፣ ከሞተ ሰንብቷል፤ ሙቀቱ ደግሞ..." ማለት ብቻ ነው የቻልኩት። በዚህ ጊዜ ፓንግ ማልቀስ ጀመረ። ደረቱን እየደቃ፣ በራሱ ቋንቋ፣ እየጮኸ። እንዲህ ያለ ለቅሶ በሥራዬ ሰምቼ አላውቅም። ምክትሉ ባርኔጣውን አነሳ። "ሂዱ፣ ሂዱ" አለ።

ድልድዩን ካለፍን በኋላ "ፓንግ፣ ምን እያልክ ነበር ያለቀስከው?" አልኩት።

"ሩዝ" አለኝ። "ስብ፣ ዱቄት፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ሩዝ። ሌላ አልመጣልኝም።"

ሁለታችንም መኪናውን ጥግ አስይዘን ሳቅን። ከዚያ መሳቃችንን አቆምን።   ሁለታችንም ከኋላ ያለውን ሣጥን እያየን ነበር።

ምስጢር ያልሆነው ለምንድን ነው? ዛሬ ጠዋት ፓንግን ይዤ ከቤቴ ወደዚህ ስመጣ ያው ምክትል አስቆመኝ። ያው ቦታ። ሰው ነግሮታል። "ክፈተው" አለኝ። "ጌታዬ፣ ሚስተር ፓንግ ነው" አልኩት። "አውቃለሁ፤ ሁሌም የፓንግ ዘመድ ነው፤ ክፈተው" አለኝ።

ከፈትኩት።

ፓንግ ነበር።

አየው። ጎንበስ ብሎ በሁለቱም በኩል እጁን ሰዶ ዳሰሰ። ባርኔጣውን አላነሳም። "ዝጋው" አለኝ። ዘጋሁት። ይህን ለሚስስ ፓንግ አልነገርኳቸውም ነበር። አሁን ሰሙ። ሚስስ ፓንግ፣ መልሼ አስተካክዬዋለሁ። ኮቱንም፣ ፀጉሩንም። ምንም እንዳልተነካ አድርጌዋለሁ። በዚህ ይመኑኝ፤ ይህን አውቃለሁ።

ስለዚህ የሜምፊስ መንገድ ተዘግቷል። ሰኞ ሱቁ ቢከፈት እንኳ መደርደሪያው ላይ ያለው የማሳያው ብቻ ነው። ይህን እንድታውቁት ነው የነገርኳችሁ። ሱቁ እንዲከፈት የምትፈልጉ የእኔ ሰዎች፣ እናንተን ነው የምጠይቀው። አንድ ሰርዲን ካለው ሱቅ ትገዛላችሁ? ወይስ ማክሰኞ የሃርግሮቭ ዘመድ ሱቅ በጓሮ በር ተሰልፋችሁ ላያችሁ ነው? መልስ አልጠበቅኩም። ማክሰኞ አያለሁ።

እናንተ ነጋዴዎችስ? ዛሬ ጠዋት ከእናንተ አንዱ በጆሮዬ አንድ ነገር አለኝ። "ሐሙስ ከሱቄ ኋላ ካርቶን ተቀምጦ ይገኛል። ማን እንዳስቀመጠው አላውቅም። ማን እንደሚወስደውም አላውቅም" አለኝ። እኔም ማን እንዳለኝ ረስቻለሁ። እርጅና ነው። ግን የእኔ መኪና ባይሄድ፣ ከእኛ ሰዎች መኪና ያለው አለ። ከእናንተ ሰዎች ደግሞ የሚረሳ ሌላም ካለ፣ እሰየው። እናንተ ስትፈሩ እኛ ጀግኖች፣ እኛ ስንፈራ እናንተ ጀግኖች እንድንሆን አልጠይቅም። ሁላችንም ፈርተናል። ፈርተንም ካርቶን መሸከም ይቻላል። ፓንግ ተሸክሟል።

አንድ ነገር ያናድደው ነበር፤ ይህን የሚያውቁ ጥቂት ናችሁ። ለስብሰባው በጓሮ በር አንድ በአንድ ነበር የምንገባው፤ እንዳንታይ። ፓንግ በሩን እየከፈተልን ያጉረመርማል። "ባለሱቅ ደንበኛውን በጓሮ አያስገባም። ያሳፍረኛል። በእኔ ሱቅ ማንም በጓሮ ገብቶ አያውቅም።" አክስቴ ዘልማ "እኛ ለምደነዋል" አለችው። "እኔ አልለመድኩትም" አላት።

ሰዎቹ ከመኪናው ወርደዋል። አትዙሩ። መኪናቸውን ተደግፈው ሲጋራ እያጨሱ ነው። ቀብሩ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። ልጨርስ ነው፤ የፈራሁትም መጨረሱን ነው።

ሚስስ ፓንግ፣ ዘንጉን ከእሱ ጋር ላድርገው ብዬ አምጥቼው ነበር። ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ግን እጄ እምቢ አለ። የእኔ ስላልሆነ ነው። የእርስዎ ነው። ሂውስተን ይውሰዱት፤ ከእሱ ጋር ይቅበሩት፤ ለሊሊያን ይስጡት። የፈለጉትን።

ይኸው። ጫፉን እኔ ይዣለሁ። እሱ ነው እንዲህ ያስተማረኝ።

ያዙት።

ምን አሉ? ይቅርታ፣ አልሰማሁም። ሊሊያን፣ እናትሽ ምን አሉ? ጮክ ብለሽ በዪው፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙም።

ሰማችሁ? ሰኞ የትኛውን በር ልክፈት ብለው ነው የጠየቁት።

ዝም በሉ። አታጨብጭቡ፤ መቃብር ነው፤ መንገዱ ላይም ሰው አለ። አክስቴ፣ እባክሽ። ሚስስ ፓንግ፣ እስቲ አንዴ ይጠብቁኝ።

የፊቱን። የፊቱን ይክፈቱ ሚስስ ፓንግ።

ሚስተር ዌይ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነው። ተናደዋል፤ መብታቸው ነው፤ ወንድማቸውን ነው የቀበሩት፤ አሁን ደግሞ ለወንድማቸው ሚስት ፈርተዋል። እኔም ፈርቻለሁ ሚስተር ዌይ። በሩ ሲከፈት ከፊቱ የምቆመው እኔ ነኝ። ሌላ የማቀርብልዎ ዋስትና የለኝም። ቢኖረኝ እሰጥዎ ነበር።

አሁን እንሂድ። ሽማግሌዎቹ ሲወጡ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ ይሰጧችኋል። የእነሱ ወግ ነው። ቤት ሳትደርሱ ትበሉታላችሁ፤ አፋችሁ መራራውን ይዞ ወደ ቤት እንዳይገባ። አክስቴ ዘልማ፣ ለልጆች ብለሽ ቦርሳሽ ውስጥ እንዳትከቺው። እዚሁ ብዪው። ሌላም ወግ አላቸው። ከመቃብር የሚወጣ ሰው ወደ ኋላ አያይም። ዛሬ ለእኛም ይጠቅመናል። በአጥሩ በር ወጥታችሁ፣ በመኪናው አጠገብ ቀስ ብላችሁ፣ ከረሜላችሁን እየመጠጣችሁ እለፉ። ቁልፉን ለሚጠይቅ ሰው የሚመልሱት ሚስስ ፓንግ ናቸው። ብቻቸውን ግን አይመልሱም። ዙሪያቸውን ሁኑ። የሁለታችንም ሰዎች፣ ተደባልቃችሁ።

ፓንግ ወንድሜ። እኛ ዘንድ ሰው ሲቀበር "በኋላ እንገናኛለን" እንላለን። እናንተ ዘንድ በቀብር ላይ እሱ እንደማይባል ሚስትህ ዛሬ ጠዋት ነገረችኝ። ስለዚህ አልልህም። በዚያ መኪና ስንቴ ከአጠገቤ ተቀምጠህ ሄድን፤ ዛሬ ከኋላ ነበርክ። ዛሬ አላለቀስክልንም። ሩዝ፣ ስብ፣ ዱቄት እያልኩ በሆዴ ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ዘንጉ ሚስትህ እጅ ነው። ሰኞ በፊት በር እንገባለን።

ደህና ሁን።